እንሽላሊት የሚሞቅበት ሽቦ

ኔሬይዳ የምትኖረው በሽቦው ጭራ ላይ ነበር። ሰፈሩ የጨረቃ ቤቶች ሰፈር ነው፤ ከሃቫና ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ቀይ አፈሩ የሚጀምርበት፣ ከአገሪቱ ምሥራቅ የመጣ ሁሉ ቆርቆሮና ጣውላ አቁሞ የገባበት። ለእንዲህ ያለ ሰፈር ቆጣሪ አይገባም። ቆጣሪ ያለው ሴኖቢዮ የሚባል ጡረተኛ ብቻ ነው፤ ቤቱ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ እንደ ሕጋዊ ሰው ይቆጠራል። ከሱ ግድግዳ የወጣው ሽቦ ወደ ሁለተኛው ቤት፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየተቀጠለ፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ከጣራ ጣራ እየዘለለ መጨረሻ ላይ ኔሬይዳ ጋ ይደርሳል። ይደርሳል ማለት እንግዲህ ለወጉ ያህል ነው። ሴኖቢዮ ቤት አምፖሉ ዓይን ያጠፋል፤ መሀል ሰፈር ላይ ቢጫ ይሆናል፤ ኔሬይዳ ቤት ሲደርስ አምፖሉ ውስጥ ያለችው ክር ትቀላለች እንጂ አታበራም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ለአምፖል ማን ይጨነቃል። የኔሬይዳ ጭንቀት ባሏ ኡርባኖ ነው። ኡርባኖ ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ የስኳር ፋብሪካ ቦይለር ውስጥ የሸንኮራ ገለባ ሲማግድ ነው፤ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ገለባው ግን ከሳንባው አልወጣም። አሁን ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ጤና ጣቢያው አየሩን አጣርታ ኦክስጅን የምታወጣ ማሽን ሰጥቶታል፤ የፍየል ግልገል የምታህል፣ ከሥሯ ጎማ ያላት፣ ሌት ተቀን የምታጉረመርም። ጉልበት ያለው ኮረንቲ ስታገኝ አረንጓዴ ታበራለች። ጉልበቱ ሲያንሳት ቀይ ታበራና እሪ ትላለች።

"ሁለተኛዋ ሚስቴ ደግሞ አኮረፈች" ይላል ኡርባኖ ያን ጊዜ፣ ሳቁን ሳል እየቆረጠው። "ያን ጎረምሳ ኮረንቲ ካላመጣችሁልኝ አልተኛም እያለች ነው።"

"አንተ ከኔ ጋር እንኳ በወጉ ሳትኖር ሁለተኛ ሚስት!" ትለዋለች ኔሬይዳ፤ አፏ ይቀልዳል፣ እጇ ግን ድስቱን ፍለጋ ሄዷል።

ድስቱ የሰፈሩ ወግ ነው። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፣ ኡርባኖ ማሽኗን ይዞ የገባ ሰሞን ራሱ የመጣ ነው። ቀይዋ ስትበራ ኔሬይዳ በሯ ላይ ቆማ ያረጀ የአሉሚኒየም ድስት በማንኪያ ትመታለች። የሚቀጥለው ቤት ያለችው ዳማሪስ ትሰማና የራሷን ድስት ትመታለች፤ ከሷ ቀጥሎ ያለው ይቀበላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ሴኖቢዮ ይዘልቃል። የሰማ ሁሉ የሩዝ ማብሰያውን ይነቅላል። ሲነቅሉ ደግሞ ከወዲያ በኩል "መጣልሽ?" እያሉ ይጣራሉ። ኔሬይዳም አረንጓዴዋ ስትበራ "መጣ!" ብላ ትመልሳለች። በዚያን ሰሞን ይህን የሚያይ ሰው የሰው ልጅ ደግ ነው ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ደግነት ግን እንደ ሳሙና ነው፤ በየቀኑ ሲነካ ያልቃል። መብራት መጥፋቱ ባሰ። ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ቀትር ላይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣበት ጊዜ ሆነ። በመጣበት ቅጽበት ሰፈሩ በሙሉ ሩዙንም ጥቁር አደንጓሬውንም ይጥዳል፤ የዛሬውንም የነገውንም። በመጣበት ቅጽበት ደግሞ ኡርባኖም መተንፈስ አለበት። እንግዲህ ኔሬይዳ ድስቷን ስትመታ ሰውን የምትለምነው ምግቡን ከእሳት እንዲያወርድ ነው።

"ደወሉ ተደወለ! ቅዳሴ ግቡ!" ይል ጀመር ከመሀል ሰፈር አንዱ ወፈፌ።

ዳማሪስ አታሾፍም፤ ልጆች አሏት፣ ይደክማታል። አንድ ቀን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ ኔሬይዳ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም።"

"አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።"

"ሩዙን ግማሽ ላይ ስነቅለው ሙጫ ሆኖ ይቀራል። መልሼ ስሰካው ያርራል። ልጆቼ ውጪው ያረረ ውስጡ ጥሬ ሲበሉ ከረሙ። እንዲያው ለአንድ ሰዓት ብቻ ብትታገሱኝ ብዬ ነው።"

አንድ ሰዓት። ኔሬይዳ ምን ትበል። አንድ ሰዓት ትንፋሽህን ያዝ ተብሎ ለሰው ይነገራል?

ሴኖቢዮ ጋ ሄደች። ሴኖቢዮ በጉብዝናው ዘመን የመብራት ገመድ ዘርጊ ነበር፤ ግማሽ ጣቱን እዚያው ጥሎ የወጣ፣ ነገር ሲያስረዳ በዚያች ጉማጅ ጣት የሚጠቁም ሰው ነው። የሽቦውን መስመር ተከትለው አብረው ወረዱ። የዳማሪስ ቤት ጥግ ሲደርሱ ቆመ። ወሩ ጥር ነው፣ ከባሕሩ ብርዳም ነፋስ ይነፍሳል። በቀጭኑ ሽቦ ላይ እንሽላሊቶች በተርታ ተኝተዋል።

"እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?" አላት።

"እኔ ምን አውቅልሃለሁ ጋሼ። እንሽላሊት ናቸው፣ ይተኛሉ።"

"ይሞቃሉ እንጂ። ንኪው እስቲ፣ ከላይ ልባሱን።" ነካችው፤ ለብ ብሏል። "ሽቦ ማለት ባዶ ቧንቧ እንዳይመስልሽ። የትኛውም ሽቦ ኮረንቲውን አላሳልፍም ብሎ ይታገለዋል። ሲቀጥን ትግሉ ይብሳል፣ ሲረዝምም ይብሳል። ይሄ የኛ ደግሞ የስልክ ሽቦ ነው፣ ቀጭን፤ ርዝመቱ ደግሞ እስከ ገሃነም ነው። ኮረንቲው መንገዱን ሁሉ ሲታገል መጥቶ አንቺ ቤት ሲደርስ ጉልበት የለውም። መንገድ ላይ የጨረሰው ጉልበት የት የሚሄድ ይመስልሻል?"

ኔሬይዳ እጇን ከሽቦው ላይ አነሳች።

"ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ኡርባኖ ሊተነፍስበት የሚገባውን እነሱ እየሞቁት ነው።"

ኔሬይዳ እንሽላሊቶቹን አየቻቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን በመጥረጊያ ስታባርራቸው ታይታለች። ፍጥረት ምን አደረገ! ግን ሰው ሲጨንቀው የሚጠላው ነገር ይፈልጋል።

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ወፍራም ሽቦ። መዳብ። ከኔ ግድግዳ ቀጥታ ወዳንቺ፣ መንገድ ላይ ማንም ሳይነካው።"

ኔሬይዳ በዓለም ላይ የነበራት ዕቃ የልብስ ስፌት መኪናዋ ብቻ ነበረች። የሰፈሩን ሱሪ የምታጠብበው፣ የልጆቹን ዩኒፎርም የምትጠግነው በሷ ነው፤ የሚበሉትም በሷ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ከተዘጉ ፋብሪካዎች ሽቦ እየነቀለ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር፤ መኪናዋን ሰጥታው አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ ይዛ ተመለሰች፤ ክብደቱ ትከሻዋን አጉብጦታል።

ኡርባኖ መኪናዋ የነበረችበትን ባዶ ቦታ አየና አልቀለደም።

"አሮጊቴ፣ እጅሽን ቆርጠሽ እኮ ነው የሰጠሽው።"

"ዝም ብለህ ተንፍስ።"

ሴኖቢዮ ሽቦውን ሲዘረጋላት ዋለ። መጨረሻ ላይ ከቆጣሪው ጋር ሊያገናኘው ሲል ግን ተቸገረ። ከቆጣሪው የሚወጣው ሽቦ አሉሚኒየም ነው፣ የሷ መዳብ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የራሱ ማያያዣ ብሎን አለ፣ እሱ ደግሞ በከተማው የለም። ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ አጠማዘዘና በናስትሮ ጠቀለላቸው።

"መዳብና አሉሚኒየም እንደ አማትና ምራት ናቸው" አላት ከመሰላሉ ላይ ሆኖ። "አንድ ላይ አስረሽ ብታኖሪያቸው እያደር ይቃቃራሉ፤ ሲቃቃሩ ትግሉ እዚያች መጋጠሚያ ላይ ይሆናል። ይሄ ለጊዜው ነው። ብሎኑ እስኪገኝ ያንቺን ማሽን ብቻ ይችላል። ሌላ ሰው ከቀጠለበት እኔ የለሁበትም።"

"በኮብሬዋ እመቤታችን እምላለሁ፣ ማንም አይነካውም።"

ለጊዜው። ይቺ ቃል በኛ ሰፈር ስንት ቤት አቁማለች፣ ስንት ልጅ አሳድጋለች! ለጊዜው ብሎ ያልጀመረ ማን አለ?

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት ደግ ነበሩ። መብራት በመጣ ቁጥር አረንጓዴዋ ሳትርገበገብ ትበራለች። ኡርባኖ ከንፈሩ ሰማያዊ መሆኑን ተወ። ወንበሩን በሩ ድረስ አውጥቶ ዶሚኖ ተጫወተ፤ ሲሸነፍም ተሳደበ፤ ኔሬይዳ ስድቡን ከጓዳ ሆና እየሰማች አለቀሰች፣ ለመሳደብ የሚበቃ ትንፋሽ አገኘ ብላ። ድስቱንም ከምስማሩ አውርዳ አደንጓሬ ቀቀለችበት። ለመብላት ግን መስፊያ ስለሌላት የሰው ልብስ በእጇ ማጠብ ጀመረች። ቅር አላላትም።

ቀድማ የመጣችው ዳማሪስ ናት። በሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ፣ ከጣራዋ በላይ የሚያልፈውን አዲሱን ሽቦ አየች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር።"

ኔሬይዳ ገና ሳትናገር ገባት። "የኔ ልጅ፣ ምያለሁ እኮ። ሴኖቢዮ አይችልም ብሏል።"

"አንዲት የሩዝ ማብሰያ ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድስትሽን ስትመቺ ነቅያለሁ። አንድ ቀን እምቢ ብዬሻለሁ?"

"አላልሽኝም።"

"በራሴ ጣራ ላይ ሲያልፍ እያየሁት ልጆቼ ጥሬ ይብሉ?"

ኔሬይዳ ዞር ብላ ወደ አልጋው አየች። እምቢ የሚል ሰው ከኋላዋ ፈልጋ ነበር። ኡርባኖ ግን ቱቦውን ከአፍንጫው ዝቅ አደረገና "ስጫት" አለ። "ከልጅ ጉሮሮ ነጥቄ አልተነፍስም።"

እና ሰጠቻት። ሰው ይፍረዳት እስቲ። በኛ ሰፈር አትቀጥል የሚል ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ቤት ብርሃን ያየው ከሌላው ቤት ቀጥሎ ነው፣ ኔሬይዳም ራሷ። ይህን የረሳ ሰው እዚህ ምን ፊት ይዞ ይኖራል? ከዳማሪስ በኋላ የመጡት ግን አልለመኑም። ጣራቸው ላይ ወጥተው ልባሱን ፋቁና ቀጠሉ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሽቦው ከዳር እስከ ዳር የቀጠለ ሁሉ ተንጠለጠለበት።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተመቸው። አምፖሎቹ ነጭ ሆኑ። ሩዙ በግማሹ ሰዓት ይበስል ጀመር። ያ ወፈፌ እንኳ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ኔሬይዳ ትኑርልን!" እያለ በመንገድ ጮኸ። ማንም ያላሰበው ነገር፣ አሮጌው ቀጭን ሽቦ በንፉግነቱ እስካሁን ሲጠብቃቸው ኖሯል። እሱ ስለሚታገል ማንም ብዙ መጎተት አይችልም ነበር። አሁን የሚታገል ጠፋና ሁሉም የልቡን ያህል ጎተተ። የጎተተው ሁሉ ደግሞ የሚያልፈው በአንዲት ቦታ ነው፤ በሴኖቢዮ ግድግዳ ላይ፣ በናስትሮ በተጠቀለለችው በዚያች ቋጠሮ።

የካቲት ላይ መብራት ከጠዋት እስከ ጠዋት የጠፋበት ቀን ሆነ። ኡርባኖ ሌሊቱን ያሳለፈው ጤና ጣቢያው መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ በሚሰጠው የኦክስጅን ሲሊንደር ነው፤ ጎህ ሲቀድ እሱም አለቀ። ሲሊንደር የሚያመጣው መኪና ነዳጅ የለውም ተባለ። ኡርባኖ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ትንፋሽ እንደ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ አረፈደ። ቀትር ላይ መብራት መጣ። አረንጓዴዋ በራች። ሰፈሩ እልል አለ፤ ሁሉም ጣደ።

ኔሬይዳ የባሏ ትከሻ ከጆሮው ወረድ እስኪል ጠበቀችና ስለ ሲሊንደሩ ለመደወል ወደ ሴኖቢዮ ቤት ሮጠች፤ ስልክ ያለው እሱ ነው። በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ግድግዳውን አየች። እንሽላሊቶቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። በቋጠሮው ዙሪያ ከበዋል፤ ግን አልተጠጉትም፣ አንድ ስንዝር ርቀው ነው የተኙት።

ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም። በሩን በመዳፏ ደበደበች።

ሴኖቢዮ ወጥቶ እጁን አስጠጋና ወዲያው መለሰ። ናስትሮው ቀልጦ ይሸታል። "ስንት ሰው ነው የቀጠለው?" አላት።

"ሁሉም።"

"ሁሉም!" ሊቆጣት አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ተወው። "ከቆጣሪው ዋናውን ማጥፊያ ባጠፋው ኡርባኖንም አጠፋዋለሁ። ሂጂ፣ አስነቅያቸው። ማሽኗ ብቻ ትቅር። ሲበርድ አድሰዋለሁ። ሩጪ።"

ሮጠች። ድስቱ በእጇ የለም፤ አደንጓሬ ተጥዶበታል። በየበሩ እየገባች ለመነች። ክፉ የመለሰላት የለም።

"እሺ እትዬ፣ ይቺ ውኃ ትምጠጥና።"

"አሁን እኮ ወፍራም ሽቦ አለን፣ ምን ያስደነግጥሻል?"

"አምስት ደቂቃ፣ የኔ እናት። ከትናንት ጀምሮ አልበሉም።"

ወፈፌው ብቻ ሳይመልስላት ነቀለ። ዳማሪስ ቤት ስትደርስ ዳማሪስ ፊቷን ገና እንዳየች ገመዱን ያዘች፣ ሳትጎትተው ግን ከላይ በኩል ቷ የሚል ድምፅ መጣ። ብዙ ድምፅ አልነበረውም። ራዲዮኖቹ ዝም አሉ፣ ማራገቢያዎቹ እየዘገዩ ቆሙ፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ መንግሥትን ተሳደበ። እንደ ሁልጊዜው መብራት የሄደ መስሏቸው ነው።

ኔሬይዳ ቤቷ ገባች። ማሽኗ ላይ አረንጓዴም ቀይም የለም። ኡርባኖ ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል። አደንጓሬውን ወለሉ ላይ ደፋችና ድስቱን ይዛ ወጣች፤ መታችው፤ ባለ በሌለ ጉልበቷ መታችው።

እና ሰሙ። ዳማሪስ የሷን መታች፣ ቀጣዩ ተቀበለ፣ ድምፁ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን እንዲያ ሆኖ አያውቅም፤ አንድ ሰው ሳይቀር፣ አንድ ቤት ሳያመነታ፣ ሁሉም ነቀለ። የሩዝ ማብሰያ፣ ማራገቢያ፣ አምፖል፣ ሁሉ። ገመዶቻቸውን በእጃቸው እንደያዙ በየበራቸው ወጡና ቁልቁል ጮኹ።

"መጣልሽ?"

"እትዬ ኔሬይዳ፣ መጣልሽ?"

ከላይ ሴኖቢዮ መሰላሉ ላይ ቆሞ የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ በፒንሳ ይዞ ይታገላል። አሉሚኒየሙ በነካው ቁጥር እንደ ብስኩት ይቆረሳል።

ገብታ ኡርባኖን ከጀርባው አቀፈችው። ደረቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ የሚገባለት ግን ጥቂት ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች አላፊ መኪና ለማስቆም ወደ አስፋልቱ ሲሮጡ ይሰማል።

"ሁሉም ነቅለዋል?" አላት።

"ሁሉም ነቅለዋል፣ ሽማግሌዬ።"

"ታዲያ ለምን አይመጣም?"

ቱቦውን አፍንጫው ላይ አስተካከለችለት። መኪናው ሲደርስ እሱ ሄዷል።

በማግስቱ ቀበሩት። ከቀብር ሲመለሱ ሴኖቢዮ መሰላሉ ላይ ነበር። ያ በከተማው የለም የተባለ ማያያዣ ብሎን ተገኝቷል፤ ሰፈሩ ቤት ለቤት ሳጥኑንና ማሰሮውን ሲገለብጥ አድሮ፣ ወፈፌው ቤት፣ የአባቱ የመሣሪያ ቆርቆሮ ውስጥ። ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ ማንም አልጠየቀምና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የየቤቱን ቅጥያ ነቅለዋል፣ ሽቦው ንጹሕ ሆኖ ቀጥታ ወደ ጭራው ቤት ይሄዳል። ሰዎቹ ይህን ያደረጉት ሌላ የሚያደርጉት ስላጡ ነው።

ኔሬይዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዳማሪስ ወለሉ ላይ የደረቀውን አደንጓሬ ተንበርክካ ትፍቃለች። ቀትር ላይ ማሽኗ ሳይነኳት ማጉረምረም ጀመረች። ማጥፊያዋን ያሰበው ሰው አልነበረም። አረንጓዴዋ በራች፣ እንደዚያ ቀን በርታ አታውቅም፤ ቱቦው ትራሱ ላይ እንደወደቀ አየሩን ይተፋል።

ዳማሪስ ተነስታ ልታጠፋት እጇን ዘረጋች።

"ተያት" አለች ኔሬይዳ።

ከላይ፣ ከመሰላሉ ላይ፣ ሴኖቢዮ ተጣራ። ወንዝ የሚያሻግር ድምፅ ነበረው፣ ያን ቀን ግን ሰልሎ ነው የመጣው፤ ብሎኑ መያዙን ማወቅ አለበት፣ ሥራ ነው።

"ኔሬይዳ! መጣልሽ?"

ዳማሪስ አፏን በእጇ ያዘች። ኔሬይዳ ቱቦውን ከትራሱ አንስታ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። ቀዝቃዛ ነው፤ ይነፍሳል።

"መጣ" አለች።

ድምፅዋ ሴኖቢዮ ጋ አልደረሰም። ደግሞ ጠራት።